የግንባታ ዕቃ እንዳይባክን አስቀድሞ ማቀድ

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ወደ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ወደ ቡራዩ፣ በጎጃም መንገድ እንጦጦን አልፎ ወደ ሱሉልታ የሚጓዝ ሰው በየመንደሩ አዲስ ግንባታ ያያል። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት እነዚህ ከተሞች በፍጥነት እያደጉ ናቸው። በየአጥቢያው ያሉ ምእመናንም የመዋዕለ ሕፃናት ክፍል፣ ክሊኒክ ወይም አዳራሽ ለማሠራት ከኑሮአቸው ቀንሰው ያዋጣሉ። ይሁን እንጂ ወደ ግንባታው ግቢ ገብተን ስንመለከት የተሰባበረ ብሎኬት፣ የደነደነ ሲሚንቶና የተቆራረጠ ፌሮ ተከምሮ እናገኛለን። ያ ክምር የሰዎች መዋጮ ነው።

እኛም ከዚህ ስሕተት ነፃ አይደለንም። በሰበታ በኩል ሁለት የመማሪያ ክፍሎች ስናሠራ፣ ዋጋ ሳይጨምር ብለን ሲሚንቶውን በሙሉ በግንቦት ገዛን። መሠረቱ ሲቆፈር ግን ጥቁር አፈር ስለ ወጣ ቁፋሮው ጠለቀ፤ ሥራው ዘገየ፤ ክረምትም ገባ። በመሬት ላይ የተደረደረው ሲሚንቶ ከሥሩ እርጥበት ስቦ ደነደነ። ለጣሪያ የታሰበው ገንዘብ ለሌላ ሲሚንቶ ዋለ፤ ልጆቹም አንድ ተጨማሪ ዓመት በኪራይ ቤት ተማሩ። ጥፋቱ የግንበኞቹ አልነበረም፤ ያላቀድነው እኛ ነን። ከዚያ ወዲህ የተማርነውን እንደሚከተለው እናካፍላለን።

አንደኛ፣ ከመግዛት በፊት መሬቱን ማወቅ ነው። በሱሉልታ ሜዳም ሆነ በሰበታ ዙሪያ ጥቁር አፈር በብዛት ይገኛል። ይህ አፈር በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በሕንፃው ማዕዘኖች የሙከራ ጉድጓድ አስቆፍሮ ጥልቀቱን ሳያዩ ድንጋይና ሲሚንቶ ማዘዝ በግምት መነገድ ነው።

ሁለተኛ፣ ፕላኑን ከዕቃው መጠን ጋር ማስማማት ነው። የተለመደው ብሎኬት 40 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 20 ሳንቲ ሜትር ቁመት አለው። የግድግዳው ርዝመትና የመስኮቱ ቦታ በሙሉና በግማሽ ብሎኬት ልክ ከተነደፈ፣ ግንበኛው በመዶሻ እየሰበረ ለመሙላት አይገደድም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታም ተመሳሳይ ሐሳብ ተሠርቶበታል። ወለሉ አስቀድመው በተሠሩ ቢሞችና በመካከላቸው በሚደረደሩ ብሎኬቶች ስለሚያያዝ፣ ለካሣ የሚወጣው ጣውላ ቀንሷል።

ሦስተኛ፣ ፌሮ ከመቆረጡ በፊት የመቁረጫ ዝርዝር ማዘጋጀት ነው። አንድ ፌሮ 12 ሜትር ነው። ከአንድ ዓይነት ፌሮ 3.5 ሜትር የሆኑ 40 ቁራጮችና 5 ሜትር የሆኑ 20 ቁራጮች ያስፈልጋሉ እንበል። ለየብቻ ከተቆረጡ ለመጀመሪያዎቹ 14፣ ለሁለተኛዎቹ 10፣ በድምሩ 24 ፌሮ ይፈጃሉ። ከእያንዳንዱ ፌሮ ሁለት ባለ 3.5 እና አንድ ባለ 5 ሜትር አብረው ቢቆረጡ ግን ልክ 12 ሜትር ስለሚሆን 20 ፌሮ ይበቃል። ፌራዮው ይህን ዝርዝር በእጁ ይዞ ቢቆርጥ አራት ፌሮ ይተርፋል።

አራተኛ፣ ሲሚንቶን እንደ እህል መጠበቅ ነው። በደረቅ መጋዘን፣ ከመሬት ከፍ ባለ ጣውላ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይደርደር፤ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ። በጥሩ መጋዘን እንኳ ሦስት ወር የቆየ ሲሚንቶ ከኃይሉ ከፍ ያለ ድርሻ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ የሚገዛው ለሚቀጥሉት ጥቂት ሳምንታት ሥራ የሚበቃው ነው። አሸዋና ጠጠር በአካፋ ግምት ሳይሆን በሳጥን ይለኩ። ወርዱ 35፣ ርዝመቱ 40፣ ቁመቱ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን 35 ሊትር ይይዛል፤ ይህም ከአንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ ጋር ተቀራራቢ ነው። ጠዋት የተቦካውን ከምሳ በኋላ ውኃ ጨምሮ ማፍሰስ ዕቃንም ሕንፃንም ማጥፋት ነው።

አምስተኛ፣ የገባውንና የወጣውን መመዝገብ ነው። አሸዋ ጭኖ የመጣው መኪና ከመራገፉ በፊት የጭነቱ ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ በሜትር ይለካ። ዕቃው በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ፣ በሞዴል 22 ለየሥራው ወጪ ይሁን። በየሳምንቱም የወጣው ዕቃ ከተሠራው ሥራ ጋር ይተያይ። በቀረው ዕቃ ላይ ጉድለት ቢገኝ ጊዜው ሳያልፍ መጠየቅ ይቻላል።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጥቂት ቀናት ከወረቀትና ከሜትር ጋር መቀመጥን ይጠይቃል። ግንብ ሊሠራ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን እንዲቆጥር ሉቃስ በምዕራፍ 14 የጻፈውን ሁላችንም እናውቃለን። እንግዲህ በዚህ በጋ ግንባታ ለመጀመር ያሰባችሁ ማኅበረ ምእመናን፣ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ጭነት ከመታዘዙ በፊት የሕንፃ ኮሚቴያችሁን ሦስት ነገር ጠይቁ፤ መሬቱ ተፈትሿል? የመቁረጫ ዝርዝሩ ተዘጋጅቷል? ዕቃው የት ይቀመጣል? መልሱ እስኪገኝ ድረስ ትእዛዙ ይቆይ።