ከሻምፒዮኑ በፊት መምህሩ አለ

ቦንጋ የሚኖሩ ወላጅ ነዎት እንበል። ልጅዎ ቅርጫት ኳስ ሲጫወት አምሽቶ፣ ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ከቤት ሲደርስ ምን ይሉታል? ብዙዎቻችን «ጨዋታ እንጀራ አይሆንም» ብለን ወደ ደብተሩ እንመልሰዋለን። ከመቆጣትዎ በፊት ግን የአንድ የስፖርት መምህርን ታሪክ ይስሙ።

አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ በአርሲዋ በቆጂ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበሩ። ሥራቸው እንደማንኛውም የስፖርት መምህር ነው፤ ልጆችን ማሰለፍ፣ ማስሮጥ፣ ማን ምን እንደሚችል ማየት። እሳቸው ግን አይተው አላለፉም፤ ጎበዞቹን ለይተው ማሰልጠን ጀመሩ።

ከእጃቸው ካለፉት አንዷ ደራርቱ ቱሉ ናት። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ 10 ሺህ ሜትር አሸንፋ ወርቅ ያጠለቀች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ቤጂንግ ላይ እያንዳንዳቸው የ5 ሺህና የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ወሰዱ። አራቱንም ወርቅ ያመጡት ሁለቱ ልጆች የመጀመሪያ ትምህርታቸውን የቀሰሙት ከእኚሁ መምህር ነው።

«በቆጂ እኮ ደጋ ናት» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ከባሕር ወለል 2800 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። ነገር ግን ደጋ ከተማ በአገራችን ሞልቷል። ልጁን በስሙ የሚያውቅ፣ በማለዳ ሜዳ ላይ ቀድሞ የሚገኝ መምህር ግን በየቦታው አይገኝም።

የዚህ ሙያ ከባዱ ነገር መሸኘት ነው። ልጆቹ ሲጠነክሩ ወደ ክለብና ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ፤ መምህሩ ወደ አዲሶቹ ጀማሪዎች ይመለሳሉ። ሁሉም ሻምፒዮን እንደማይሆን በ2004 ዓ.ም. ስለ በቆጂ ልጆች የወጣው «ታውን ኦቭ ራነርስ» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም አሳይቷል። ስለዚህ ደብተሩ አይጣል፤ ሩጫውም ኳሱም ከትምህርቱ ጎን ይሂድ።

ቦንጋም የመምህራን ኮሌጅ አላት፣ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ በየትምህርት ቤቱ ፊሽካ የያዘ መምህር አለ። በዚህ ሳምንት ጊዜ ወስደው ወደ ልጅዎ ትምህርት ቤት ጎራ ይበሉ። የሒሳቡን ውጤት ከጠየቁ በኋላ የስፖርት መምህሩንም «ልጄን እንዴት ያዩታል?» ይበሏቸው። ምናልባት እርስዎ ያላዩትን እሳቸው አይተው ይሆናል።