የቤተሰብ ፍቅር የሚታይበትን ፎቶ እንዴት ማንሣት ይቻላል?

በነቀምቴ ጨለለቂም ሆነ በወለጋ የገጠር ቀበሌዎች፣ ከአንዳንድ አባቶችና እናቶች የሚቀረው ምስል ለመታወቂያ የተነሡት ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው። ለቅሶ ሲደርስ እርሱው በትልቁ ታትሞ ይሰቀላል፤ ሣቃቸውንና ለልጅ ልጆቻቸው የነበራቸውን ፍቅር ግን አያሳይም።

ለፎቶ ደርቆ የመቆም ልማድ ከቀድሞው መሣሪያ ጋር የተያያዘ ነው። አርመናውያኑ የቦያጂያን ቤተሰብ ለቤተ መንግሥት ፎቶ ማንሣት በጀመሩበት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ምስል በመስተዋት ላይ እስኪቀረጽ መንቀሳቀስ ያደበዝዘው ነበር። ኋላም አንድ ጥቅል ፊልም ቢበዛ 36 ያህል ፎቶ ብቻ ስለሚያነሣ፣ ደጋግሞ መሞከር ወጪ ነበረው።

የእጅ ስልክ ይህን ገደብ አንሥቷል። ቤተሰቡ ቡና ሲያፈላ፣ በቆሎ ሲፈለፍል ወይም አያት ተረት ሲያወሩ፣ እጅ ሥራ ስለሚይዝ ዓይን ካሜራውን ይረሳል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት፣ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ወይም በበረንዳ ጥላ ሥር ማንሣት ፊት ላይ የሚያርፈውን ጽኑ ጥላ ይቀንሳል። አንሺው ወደ ልጆቹ ቁመት ዝቅ ይበል፤ «ሣቁ» ከማለት ይልቅ ያጫውታቸው፤ ደጋግሞም ያንሣ።

የተመረጠውን ፎቶ ማሳተምም ያስፈልጋል፤ ስልክ ሲጠፋ ወይም ሲበላሽ ምስሉም አብሮ ሊጠፋ ይችላልና።