የሰውነት በር ጠባቂዎች፦ ሥጋ ደዌ አንዱን ይዞ ሌላውን ለምን ይተዋል?

ከኢትዮጵያ ገጠር መጥተው ዛሬ በሽኩና ጊሜል የሚኖሩ አባቶችና እናቶች ሥጋ ደዌን ከነስሙ ያውቁታል። አንዳንዱ እርግማን ይለው ነበር፤ ሌላው ደግሞ በዘር ይወርዳል ብሎ ከዚያ ቤት ልጁን ለመዳር ይፈራ ነበር። በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረው፣ ከአንድ መሶብ በልተው፣ አንዱ ሲታመም ሌሎቹ ደኅና መሆናቸው ግን ለሁሉም እንቆቅልሽ ነበር።

በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ መሆኑን ያወቀው ኖርዌጂያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1873 ነው። ባክቴሪያው ቢያገኛቸውም ከ100 ሰዎች ከ95 በላይ የሚሆኑት አይታመሙም። ለምን?

ወደ ቤር ሼቫ ታሃና መርካዚት የሚገባ ሰው በሩ ላይ ሾሜር ያገኛል። ሾሜሩ የመንገደኛውን ስም አያውቅም፤ ቦርሳውን አይቶ ግን መግባት የሌለበትን ነገር ይለያል። በነጭ የደም ሴሎች ላይም እንዲህ ያሉ ጠባቂዎች አሉ። ሳይንስ «ቶል መሰል ተቀባዮች» ይላቸዋል። በሰው ላይ 10 ዓይነት ይታወቃሉ። ቁጥር 2 የሳንባ ነቀርሳንና የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ በሽፋናቸው ይለያል፤ ቁጥር 4 የሌሎች ብዙ ባክቴሪያዎችን ሽፋን ያውቃል። ጠባቂው ባዕድ ነገር ሲያገኝ ደወል ይደውላል፤ ሌሎች ሴሎችም ለመከላከል ይሰበሰባሉ። ትኩሳትና እብጠት የሚመጡት ከዚህ ነው። የዚህን አሠራር ምሥጢር የፈቱት ዡል ሆፍማን በዝንብ፣ ብሩስ ቦይትለር በአይጥ ላይ ተመራምረው ሲሆን በ2011 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል።

ጠባቂዎቹ የሚሠሩበት መመሪያ ከእናትና ከአባት ይወረሳል፤ ከሰው ሰውም ትንሽ ይለያያል። በ2008 እና በ2009 የታተሙ ጥናቶች 441 ኢትዮጵያውያን የሥጋ ደዌ ሕሙማንን መርምረዋል። ቁጥር 4 ላይ ያሉ ሁለት ልዩነቶች በሽታው ከሚይዛቸው ይልቅ በጤነኞቹ ላይ በብዛት ታዩ። ቁጥር 2 ላይ ያለ ልዩነት ደግሞ ከሌላ ችግር ጋር ተያይዞ ተገኘ፦ የሰውነት መከላከያ ድንገት ተቆጥቶ የራስን ነርቭ ያሳብጣል፤ እጅና እግር የሚደነዝዘውና የሚሽመደመደው በብዛት በዚህ ምክንያት ነው። ደወሉ ካነሰ ጠላት ይገባል፤ ከበዛ ደግሞ ቤቱን ያፈርሳል።

ስለዚህ የሚወረሰው በሽታው ሳይሆን የጠባቂው ንቃት ነው። ከታመመ ቤት መወለድ ማንንም ሕመምተኛ አያደርግም። በሽታው በመድኃኒት ከ6 እስከ 12 ወር ውስጥ ይድናል፤ ሕክምና የጀመረ ሰውም ወደ ሌላ አያስተላልፍም።

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ባክቴሪያው በሰውነት ውስጥ 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ተደብቆ ሊቆይ ስለሚችል፣ አገር ከለቀቁ ከብዙ ዓመት በኋላም ሊታይ ይችላል። የነጣ ወይም የቀላ፣ ሲነኩት የማይሰማ ቆዳ፣ ወይም የእጅና የእግር መደንዘዝ ያለበት ሰው ሳያፍር ወደ ኩፓት ሆሊም ይሂድ። ድንዛዜ በስኳር በሽታም ስለሚመጣ ምርመራው ለሁለቱም ይጠቅማል። በእስራኤል ይህን በሽታ አይቶ የሚያውቅ ሐኪም ጥቂት ስለሆነ፣ ከየት አገር እንደመጡና በቤተሰብ የታመመ ሰው እንደነበረ መናገር ግማሹን ሥራ ያቀልለታል። ነርቭን የሚጎዳው ባክቴሪያው ብቻ ሳይሆን ዝምታም ነው።