ያለ መርፌ የሚታየው የደም ሥር

ሐኪም የሰውን ሥጋ ሳይቀድ፣ ሕያው ደም በሥሩ ውስጥ ሲመላለስ በገዛ ዓይኑ አጥርቶ ሊመለከት የሚችለው በተለይ በብሌን በኩል በዓይን ውስጥ ከኋላ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ንጣፍ፣ ሬቲናን፣ ባየ ጊዜ ነው፤ ይህን በር እ.ኤ.አ. በ1851 የከፈተው ጀርመናዊው ሊቅ ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ፣ ወደ ውስጠ ዓይን ብርሃን ልኮ ተመላሹን የሚያሳይ መሣሪያ በማበጀቱ ነው።

በዚያ በር የተመለከቱ ሐኪሞች፣ ሬቲናይቲስ ፒግሜንቶሳ በተባለው፣ ከ4,000 ሰው ገደማ አንዱን በሚይዘው፣ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሌሊቱን እይታ ቀጥሎም የዳር ዳሩን በሚነጥቀው የዘር ደዌ የተያዘውን ሰው ዓይን ሲመረምሩ፣ ከጥቁሩ ነጠብጣብና ከገረጣው የነርቭ ራስ ጋር የደም ሥሮቹን ከልክ በላይ ቀጥነው አገኟቸው። ነገሩን ላይ ላዩን ያየ ሰው፣ ዓይኑ የታወረው ደም ስለ ጎደለው ነው ሊል ይችላል። ብዙ ተመራማሪዎች የሚያስተምሩት ግን የዚህን ተቃራኒ ነው፦ ብልሹው ዘረ መል የሚያጠፋው ብርሃን ተቀባይ የሆኑትን ሕዋሳት ሲሆን፣ እነዚህም ኦክስጅንን እጅግ አብዝተው ከሚሹት ወገን በመሆናቸው፣ በሞቱ ጊዜ ከበታቻቸው ካለው፣ ኮሮይድ ከሚባለው ልባስ ይመጣላቸው የነበረው ኦክስጅን ተርፎ ወደ ውስጠኛው የሬቲና ክፍል ይዘልቃል፤ በዚያ ያሉት ሥሮችም የሚያደርሱት ሲሣይ ከሚፈለገው ስለሚበልጥ እየጠበቡ ይሄዳሉ። እንግዲህ የሥሩ መቅጠን ለሕዋሳቱ ሞት ምስክር ነው፤ ምስክርነቱንም በሚገባ መስማት ያስፈልጋል።

ረቂቃኑን ሥሮች ለይቶ ለማየት ግን የሄልምሆልትዝ መሣሪያ አልበቃም። እ.ኤ.አ. በ1961 ሃሮልድ ኖቮትኒና ዴቪድ አልቪስ የተባሉ የኢንዲያና ሰዎች፣ ፍሎረሲን የሚባለውን ማቅለሚያ በክንድ ሥር ሰጥተው፣ በሰማያዊ ብርሃን ሲያበራ ሬቲናውን ፎቶግራፍ የማንሳትን ዘዴ ለዓለም አስታወቁ። ብዙ ትምህርት የተገኘበት ዘዴ ነው፤ ነገር ግን መርፌ አለው፣ አንዳንዱን ያቅለሸልሸዋል፣ ከስንት አንድ ጊዜም ብርቱ የሰውነት ቁጣ ያስነሣል፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዕድሜውን ሁሉ በሐኪም ዓይን ሥር ለሚኖር በሽተኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ኦሲቲ አንጂዮግራፊ የሚባለው፣ መርፌ የማይሻው አዲሱ ጥበብ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1991 በተገለጸው፣ በብርሃን ነጸብራቅ የሬቲናን ንጣፎች በሚለየው ዘዴ ላይ ነው። መሣሪያው አንዱን ቦታ ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ደጋግሞ ያነሣና ምስሎቹን ያነጻጽራል፤ ሳይለወጥ የቀረው ሥጋ ነው፣ የተለወጠው ግን የሚንቀሳቀሰው ደም ነው። በዚህም አኳኋን ላይኛውንና ጥልቁን የሥር መረብ በየንጣፉ ይለያቸዋል፤ ኮሮይደሬሚያ በተባለው ሌላ የዘር ደዌም፣ ቀለም ያዘለው የሕዋስ ንጣፍ በጠፋበት ስፍራ ከበታቹ ያሉት ጥቃቅን ሥሮች አብረው መጥፋታቸውን ያሳያል።

ሆኖም ከሥር ውጭ የሚያንጠባጥበውን ፈሳሽ ስለማያሳይ፣ ማቅለሚያው እስከ ዛሬ አልተሻረም። ከዚህም የሚከብደው፣ መሣሪያው የተመርማሪውን ዓይን በአንድ ነጥብ ላይ መጽናት የሚሻ መሆኑ ነው፤ ማዕከላዊ እይታው የጠፋበት ሰው ግን የሚጸናበት ነጥብ የለውም፣ ምስሉም በዓይኑ መዋለል ይሰበራል። የዓይንን እንቅስቃሴ እየተከተለ የሚያርም ስልት ተጨምሮለታል፤ ደዌው እጅግ በጸናባቸው በሽተኞች ላይ ግን ገና የሚበቃ አይደለም።