መሣሪያው፣ ነባሩ መምህርና ዕጩው

በ2004 (እ.ኤ.አ.) በሁለት የተራራቁ አገሮች ተመሳሳይ እርምጃ ተወሰደ። በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት አማካይነት በፕላዝማ ቴሌቪዥን መሰጠት ጀመረ። እኛ በምንኖርባት በአሌክሳንድሪያ ደግሞ ያን ጊዜ ቲ. ሲ. ዊልያምስ ይባል የነበረው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለእያንዳንዱ ተማሪ ላፕቶፕ ኮምፒዩተር ማደል ያዘ። የሁለቱ ሀብት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል፤ ጥያቄው ግን አንድ ነው፤ መሣሪያው ሲገባ የመምህሩ ድርሻ ምን ይሆናል?

የአገራችንን እንመልከት። የፕላዝማው ትምህርት በእንግሊዝኛ ይተላለፍ ነበር። አብዛኛውን ክፍለ ጊዜ ሥርጭቱ ይወስደዋል፤ ለመምህሩ የሚተርፉት ለመግቢያና ለመደምደሚያ የሚሆኑ ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው። ተማሪው ያልገባው ነገር ቢኖር መምህሩ ሥርጭቱን ሊያቆመውም ሆነ ወደ ኋላ ሊመልሰው አይችልም። መብራት ከጠፋም ትምህርቱ አለፈ ማለት ነው። ብዙዎች ጥፋቱን ለመሣሪያው ይሰጣሉ። በእኛ አስተያየት ግን ዋናው ስሕተት መምህሩ በገዛ ክፍሉ ውስጥ ተመልካች መደረጉ ነው።

በ2003 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ ዕጩ መምህራን በትምህርት ቤቶች ለሚያደርጉት ልምምድ ሰፊ ቦታ ሰጥቶ ነበር። የቴክኖሎጂ ሥልጠናም መሰጠት ያለበት እዚያው፣ በትብብር ማስተማር ነው እንላለን። ይህም ማለት ዕጩው፣ ነባሩ መምህርና የማሠልጠኛው አስተማሪ አንዱን ትምህርት አብረው ያቅዳሉ፤ አብረው ያስተምራሉ፤ በኋላም አብረው ይገመግማሉ ማለት ነው። ስለ ደም ዝውውር የሚያስረዳ ፊልም ቢታይ፣ የት ላይ እንደሚቆም፣ በዚያ መካከል ምን ጥያቄ እንደሚነሣ፣ መብራት ቢጠፋም በጥቁር ሰሌዳ እንዴት እንደሚቀጥል አስቀድመው ይስማማሉ። ነባሩ ተማሪዎቹ የሚቸገሩበትን ያውቃል፤ ዕጩው ምናልባት በመሣሪያው ይበልጠዋል። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ድርሻቸውን ይለዋወጣሉ።

ነገሩ ለባህላችን እንግዳ አይደለም። በቆሎ ትምህርት ቤት ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ሲያስቀጽል፣ የኔታ ባሉበት ማስተማርንም ይማር ነበር።

በስደት የምንገኝ ምሁራን ኮምፒዩተር ሰብስበን ወደ አገር ቤት መላክ ይቀናናል፤ ደግ ሥራ ነው። ነገር ግን ከመካከላችን አንዱ ለአንድ ወር ሄዶ ከዕጩ መምህራን ጋር አብሮ ቢያቅድና ቢያስተምር፣ የተላከው ዕቃ ተቆልፎበት ከመቀመጥ ይድናል።