ስም የሚሰርቅ ሌባ

ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪያችን ከትምህርት ቀሩ። ዕድሜያቸው ከስድሳ ያልፋል። አምና ፊደል መቁጠር ከጀመሩ ወዲህ ዝናብም ይሁን አረም አንድ ቀን እንኳ ቀርተው አያውቁም። ሁልጊዜ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከፊተኛው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። "ምነው፣ አሟቸው ይሆን?" ብዬ ስጠይቅ ጎረቤታቸው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ፖሊስ ጠርቷቸው ወረዳ ሄደዋል" አለኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ።

በማግስቱ መጡ። የሆነውንም ራሳቸው ተነሥተው ለክፍሉ ተናገሩ። "ጻፈው ልጄ፤ ሌላው ሰው ይማርበት" ስላሉኝ ስማቸውን ትቼ ታሪካቸውን ጽፌዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው በጥር ወር ገበያ ላይ ነው። ጤፋቸውን ሸጠው ሲመለሱ አንድ ወጣት ጃንጥላ ዘርግቶ ሲም ካርድ ሲያድል አዩ። "አባባ፣ መታወቂያዎን ይስጡኝ። ካርዱ በነፃ ነው" አላቸው። ሰጡት። ወጣቱ መታወቂያውን በስልኩ ፎቶ አነሣው። አውራ ጣታቸውንም መሣሪያ ላይ አስጫናቸው። ከዚያ፣ "አልያዘም፤ እንደገና ይጫኑ" አለ። እንደገና ጫኑ። አንድ ሲም ካርድ ሰጣቸው። እሳቸውም መርቀውት ሄዱ።

የመጀመሪያው ጣት ግን ይዞ ነበር። ሁለተኛው የተጫነው ለሌላ ሲም ካርድ ነው። ያ ካርድ በእሳቸው ስም ተመዝግቦ በወጣቱ እጅ ቀረ።

በሰኔ ወር ከተማ ውስጥ ላለ አንድ ሰው ስልክ ተደወለለት። "ልጅህ አደጋ ደርሶበት ሆስፒታል ገብቷል፤ ለመድኃኒት ቶሎ ብር ላክ" ተባለ። አባት ነውና ደንግጦ ላከ። ልጁ ግን ደህና ነበር። ሰውየው ለፖሊስ አመለከተ። የደወለው ቁጥር በማን ስም እንደሆነ ሲጣራ ምን ተገኘ መሰላችሁ? የእኛ አዛውንት ሙሉ ስም፣ ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው።

"በስድሳ ዓመቴ ሌባ ተብዬ ተጠራሁ" አሉን። "በሬዬ የሰው ማሳ ገብቶ እንኳ ሽማግሌ ፊት ቀርቤ አላውቅም።" ይህን ሲሉ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። መንገድ ላይ ያገኟቸው ሰዎች ሰላምታ ሲሰጧቸው ዓይናቸውን እንዳሸሹባቸውም ነገሩን። ከብሩ ይልቅ የከበደባቸው ይኸው ነው።

አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉ። መርማሪው ቃላቸውን ጽፎ ሲጨርስ ወረቀቱን አቀረበላቸው፤ ለጣት የሚሆነውን ቀለምም አጠገቡ አኖረ። አዛውንቱ ግን ቀለሙን ወደ ጎን ገፋ አደረጉና፣ "ቆይ፣ ላንብበው" አሉ። ከመስመሩ ሥር ጣታቸውን እያስኬዱ ፊደል በፊደል አነበቡ። ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። "ስልክ ቁጥሩ የእኔ ነው" ይላል።

"እኔ እንዲህ አላልኩም" አሉ። "በስሜ ነው ተባልኩ አልኩ እንጂ የእኔ ነው አላልኩም።"

መርማሪው አስተካክሎ ጻፈው። በክፋት ያደረገው አይመስለኝም። ሥራ የበዛበት ሰው "በስሜ" እና "የእኔ" አንድ መስሎት ይሆናል። አንድ አይደለም እኮ! የዚህ ሁሉ ነገር መፍቻው በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል ነው ያለው። አዛውንቱ ካስተካከሉት በኋላ እንደገና አነበቡት። ከዚያም በጣታቸው ሳይሆን በእጃቸው ስማቸውን ጽፈው ፈረሙ።

የስም ሌባ ማለት እንግዲህ እንዲህ ያለው ነው። የበሬ ሌባ ሌሊት በረት ይሰብራል። ሲነጋ በረቱ ባዶ ሆኖ ይታያል፤ ጩኸት ይነሣል፤ ዱካ ይፈለጋል። የስም ሌባ ግን ምንም ሲያጎድል አይታይም። መታወቂያችሁ ከኪሳችሁ ነው፤ ጣታችሁም ከእጃችሁ ላይ ነው። የወሰደው ቅጂውን ነው። ስለዚህ መሰረቃችሁን የምታውቁት ዕዳው ወይም የፖሊስ መጥሪያው ቤታችሁ ሲደርስ ነው።

ሌባው የሚፈልጋቸው ነገሮች ብዙ አይደሉም። ሙሉ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ፎቶ፣ የጣት አሻራ፣ ስልክ ቁጥርና የሚስጥር ቁጥር ናቸው። ስማችሁንማ ገበያው ሁሉ ያውቀዋል፤ እሱ ብቻውን አይጎዳም። ጉዳት የሚመጣው እነዚህ ነገሮች በአንድ ሰው እጅ ሲሰበሰቡ ነው። ያን ጊዜ ሌባው እናንተን ሆኖ መናገር ይችላል።

ድሮ ስልክ ቢሰረቅ የሚጠፋው ቀፎው ነበር። አሁን ስልክ የብር ቦርሳ ሆኗል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ወር ሥራ ጀመረ። ኤምፔሳ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ተከተለ። በቴሌብር ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ብድር መበደርም ተችሏል። ይህ ምን ማለት ነው? የሚስጥር ቁጥራችሁን ያወቀ ሰው ያላችሁን ብር ብቻ አይደለም የሚወስደው። የሌላችሁንም ብር በስማችሁ ሊበደር ይችላል። ብሩ የእሱ፣ ዕዳው የእናንተ ይሆናል።

ታዲያ የሚስጥር ቁጥራችንን ማን ነው የሚያውቀው? ክፍል ውስጥ ይህን ስጠይቅ ብዙዎች ሣቁ። "ልጄ ያውቀዋል"፣ "ባለ ሱቁ ያውቀዋል"፣ "እኔ ራሴ አላውቀውም፤ የምታውቀው የወንድሜ ልጅ ናት" አሉኝ። አንዲት እናት ደግሞ ቁጥሩ እንዳይጠፋባቸው ብለው በወረቀት ጽፈው ከስልኩ ጋር በክር አስረውታል! ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቶ እንደመሄድ ነው። ቤተሰብን መጠርጠር ደስ አይልም፤ እኔም ጠርጥሩ አልልም። ግን እስከ ትናንት ቁጥር ስለማናነብ ሰው አስነክተን ነበር። ዛሬ ከ0 እስከ 9 እናውቃለን። ቁጥሩን ራሳችን እንምታ። 1234 ወይም የተወለድንበትን ዓመት አናድርገው፤ ሌባ መጀመሪያ የሚሞክረው እሱን ነው።

ሌላም መንገድ አለ። ስልክ ይደወላል። የሚናገረው ሰው ትሑት ነው፤ "ከቴሌ ነው የምደውለው" ወይም "ከባንክ ነው" ይላል። "ሽልማት ደርሶዎታል" ብሎ ያስደስታል፣ ወይም "ስልክዎ ሊዘጋ ነው" ብሎ ያስደነግጣል። ከዚያ፣ "አሁን በጽሑፍ መልእክት የሚደርስዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ" ይላል። አታንብቡለት! ያ ቁጥር የሚላከው ባለቤቱ እናንተ መሆናችሁን ለማረጋገጥ ነው። ካነበባችሁለት ባለቤቱ እሱ ሆነ ማለት ነው። ማንበብ መቻል ጥሩ ነው፤ ለማን እንደምናነብ ማወቅ ደግሞ ከዚያ ይቀጥላል።

ስለ ፋይዳ መታወቂያም በክፍል ብዙ ጥያቄ ተነሥቷል። ፋይዳ በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1284 የተቋቋመ የዲጂታል መታወቂያ ነው። ሲመዘገቡ የአሥሩ ጣት አሻራ፣ የዓይን ምስልና የፊት ፎቶ ይወሰዳል። ምዝገባው በነፃ ነው። ወረቀት መታወቂያ ላይ ፎቶ ቀይሮ መለጠፍ ይቻላል፤ የሰው ዓይን ግን ተቀድቶ አይለጠፍም። በዚህ በኩል ለእኛ ጥበቃ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ተጠንቀቁ። በፋይዳ ማንነታችሁ ሲጣራ ማረጋገጫ ቁጥር ወደ ተመዘገበው ስልክ ሊላክ ይችላል። ብዙ ሰው ደግሞ ስልክ ስለሌለው የጎረቤቱን ወይም የመዝጋቢ ወረፋ ሲያስይዝለት የዋለውን ልጅ ቁጥር አስመዝግቧል። እንዲህ ከሆነ የቤታችሁ ቁልፍ በሰው ኪስ ነው። የራሳችሁ ስልክ ሲኖራችሁ ወደ መመዝገቢያ ጣቢያ ሄዳችሁ አስቀይሩት።

አሁን ወደ ወረቀት ልመለስ። ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ሕግ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1728 ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው በውል ላይ ጣቱን ቢያኖር በዚያ ብቻ አይታሰርም ይላል። ውል አዋዋይ፣ መዝጋቢ ወይም ዳኛ በሥራው ላይ ሆኖ ሊያረጋግጥለት ይገባል። ሕጉ ይህን ያለው ያላነበበ ሰው እንዳይታለል ነው።

አሁን እናንተ አንባቢ ሆናችኋል። ደስ ይላል፤ ግን ያ ጥላ ከላያችሁ ተነሥቷል። በእጃችሁ ስማችሁን ጽፋችሁ ከፈረማችሁ በኋላ "አላነበብኩትም ነበር" ብትሉ ማን ይሰማችኋል? ስለዚህ የመሬት ኪራይ ውል ቢሆን፣ የዋስትና ወረቀት ቢሆን፣ የብድር ፎርም ቢሆን እስከ መጨረሻው ሳታነቡ አትፈርሙ። "ሰዓት ሄደ፣ ቶሎ በሉ" የሚል ሰው ካለ ይበልጥ ቀስ በሉ። ባዶ ወረቀት ላይ ከቶ አትፈርሙ። ከጽሑፉ በታች ክፍት ቦታ ከተረፈ መስመር አስምሩበት፤ በኋላ ሌላ ቃል እንዳይገባበት።

ነገሩ ከደረሰ በኋላስ? አዛውንቱ ያደረጉትን ልንገራችሁ። ከፖሊስ እንደወጡ ወደ ቤት አልሄዱም። በቀጥታ ወደ ቴሌ አገልግሎት መስጫ ሄደው፣ "በስሜ ስንት ቁጥር አለ?" ብለው ጠየቁ። ሁለት ተገኘ። አንደኛው የእሳቸው ነው፤ ሁለተኛውን አያውቁትም። ያን አዘጉት። የተዘጋበትን ማስረጃ በወረቀት ተቀብለው ለመርማሪው ወሰዱ። በደብተራቸውም ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያነጋገሩትን ሰው ስም ጻፉ። የደብተሩን ገጽ አሳይተውኛል፤ ፊደሉ ጠመም ጠመም ይላል፤ ግን ሁሉም አለ።

እናንተም እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስባችሁ አትደሩ፤ በዚያው ቀን ተነሡ። ስልካችሁ ከጠፋ ወይም ቁጥራችሁን ሰው ከያዘው በሌላ ሰው ስልክ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውላችሁ አዘጉት። ብራችሁ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከሆነ 951 ደውሉ። የመጡባችሁን መልእክቶች አታጥፉ፤ ማስረጃ ናቸው። ለቀበሌና ለፖሊስ አመልክቱ፤ ማመልከታችሁንም በወረቀት ያዙ። ደግሞ "ስሜ ከሚነሣ ዝም ብዬ ልክፈል" አትበሉ። የማታውቁትን ዕዳ ከከፈላችሁ የእኔ ነው እንዳላችሁ ሊቆጠር ይችላል። እንዲህ በድብቅ የከፈሉ ሰዎች እንዳሉ ሰምቼ በጣም አዝኛለሁ። ማፈር ያለበት ሌባው ነው።

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 አንቀጽ 11 አለው። በዚህ መሠረት የሌላውን ሰው የኤሌክትሮኒክ ማንነት መረጃ ያለ ፈቃዱ የወሰደ፣ የያዘ ወይም የሸጠ እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 50 ሺህ ብር መቀጮ ሊደርስበት ይችላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ ለአንድ ሥራ የተሰበሰበ መረጃችሁ ለሌላ ነገር እንዳይውል ይከለክላል።

የአዛውንቱ ጉዳይ በመርማሪው እጅ ነው። ወጣቱ ከዚያ ወዲህ በገበያው አልታየም። እሳቸው ግን ትምህርታቸውን ቀጥለዋል።

ከትናንት ወዲያ ለማዳበሪያ ጉዳይ የመታወቂያ ቅጂ ተጠይቀው ነበር። ቅጂውን አስወጡና እስክሪብቶ ተውሰው በፎቶውና በስማቸው መካከል አገድመው፣ "ለማዳበሪያ ብቻ። ነሐሴ 5" ብለው ጻፉበት። ተቀባዩ ልጅ ወረቀቱን አገላብጦ አየና፣ "ምነው አባባ፣ አበላሹት እኮ!" አላቸው።

"አላበላሸሁትም" አሉት። "አንብበው።"