የመልእክት አነባበብ ጥብቅነትና ልልነት በድረ-ገጽ ደኅንነት ረገድ

ኮምፒዩተሮች መልእክት የሚለዋወጡት ፕሮቶኮል በሚባል የአጻጻፍ ደንብ መሠረት ነው። ደንቡን የጣሰ መልእክት ሲደርስ ተቀባዩ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ይኸውም የላኪውን ሐሳብ ገምቶ ይቀበላል፣ አለዚያም መልእክቱን ይመልሳል።

ጆን ፖስቴል የተባሉት የኮምፒዩተር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1980 ባዘጋጁት የቲሲፒ ደንብ ውስጥ ላኪው ጥንቁቅ፣ ተቀባዩ ግን ታጋሽ እንዲሆን የሚመክር መርሕ አስፍረዋል። መርሑ በልዩ ልዩ እጆች የተሠሩ ፕሮግራሞች እንዲግባቡ የሚረዳ ነበር። ጉዳቱ የሚገለጠው ግን አንዱን መልእክት ሁለት ተቀባዮች በየተራ ሲያነቡት ነው።

በድረ-ገጽ አሠራር ፊተኛው ሰርቨር የብዙ ሰዎችን ጥያቄ ተቀብሎ በአንድ መስመር ወደ ኋለኛው ሰርቨር ሊያስተላልፍ ይችላል። ስለሆነም አንዱ ጥያቄ አብቅቶ ሌላው የሚጀምርበትን ወሰን ሁለቱም በአንድ ዐይነት ማወቅ አለባቸው። በኤችቲቲፒ 1.1 ይህ ወሰን በሁለት መንገድ ይመለከታል፤ ወይ የአካሉ ርዝመት በባይት ይጻፋል፣ ወይም አካሉ በክፍል በክፍል ተልኮ በዜሮ ይዘጋል።

አንድ አጥቂ ሁለቱንም ምልክቶች በአንድ ጥያቄ ላይ አኖረ እንበል። የተጻፈው ርዝመት 6 ባይት ሲሆን፣ የዜሮው መዝጊያ በ5ኛው ባይት ላይ ያበቃል። ፊተኛው ሰርቨር ርዝመቱን አምኖ 6ቱንም ያሳልፋል፤ ኋለኛው ዜሮውን አምኖ በ5ኛው ላይ ያቆማል። የተረፈው 1 ባይት በሚቀጥለው ሰው ጥያቄ መነሻ ላይ ይለጠፋል። በባይቱ ፈንታ ሙሉ ትእዛዝ ቢተርፍ በፊተኛው ሰርቨር ላይ የተደረገው ጥበቃ ይታለፋል፤ የሌላውም ሰው ምስጢር ሊሰረቅ ይችላል። ይህ ጥቃት እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናት በሰፊው ተገልጿል። የአደጋው ምንጭ የአንዱ ሰርቨር መበላሸት ሳይሆን የሁለቱ ግምት መለያየት ነው።

ከዚህ የተነሣ ደንቡ እየጠበቀ ሄዷል። እ.ኤ.አ. የ2014ቱ ደንብ በራስጌ ስምና በሁለቱ ነጥቦች መካከል ባዶ ቦታ የተተወበትን ጥያቄ ሰርቨሩ በ400 የስሕተት ምላሽ እንዲመልስ ያዝዛል። የ2022ቱ ደግሞ ሁለቱንም የወሰን ምልክቶች የያዘ ጥያቄ የደረሰው ሰርቨር ምላሹን ከሰጠ በኋላ መስመሩን እንዲዘጋ ያስገድዳል። ጥብቅነት በበኩሉ ዋጋ አለው፤ በአሮጌ ፕሮግራም የሚጠቀም ንጹሕ ሰው አገልግሎት ሊነፈግ ይችላል። ይሁን እንጂ ምላሹ ስሕተቱን ስለሚገልጥ እርማት ይከተላል፤ በዝምታ የታለፈ ስሕተት ግን እየቆየ እንደ ደንብ ይቆጠራል።

የፕሮግራም አጻጻፍ የሚያስተምሩ መምህራን የተማሪውን ሥራ ሲመዝኑ ትክክለኛውን መልእክት መቀበሉን ብቻ ሳይሆን፣ የተሳሳተውን አለመቀበሉንም ሊፈትኑ ይገባል።